ለደኑ የሰጠነው ጣሳ ዩሪያ

ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ወደ ቀበሌያችን በገፍ መግባት በጀመረ ጊዜ ስንዴዬ እስከ ደረቴ ደረሰ። ደብረ ኤልያስ ገበያ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። በደብራችን ደን ውስጥ ግን የጽድ ዛፉ ከጫፉ መድረቅ ጀምሮ ነበር። ይህ ነገር አንገበገበኝ። እኛ ጠግበን የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ለምን ይራብ?

ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ክርክር ግን ማንም አላስተማረኝም። በሰበካው ስብሰባ ተነሥቼ፣ በየክረምቱ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጣሳ ዩሪያ ለደኑ ይስጥ አልሁ። የቅኔ መምህሩ፣ የኔታ፣ "ዛፉ መራቡን ነግሮዎት ነው?" ብለው አሾፉብኝ። ለማሳ ሰጥቶ ለደብር መንፈግ ግፍ ነው ብዬ ድርቅ አልሁ፤ አሸነፍሁም።

እምቢ ያለችው አንዲት ጎረቤቴ ብቻ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ በቁራጭ መሬት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። በሕዝብ ፊት ስስታም አልኋት። በማግሥቱ ጣሳዋን ይዛ መጣች፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

ሦስት ክረምት ደኑን በከበበው ግንብ ጥግ ጥግ፣ ከዛፎቹ ሥር በተንን።

በአራተኛው ዓመት፣ ሰኔ ሲገባ፣ የደን አፈር የምታጠና አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣች። የኔታ ደኑን እንዳሳያት ከእኔ ጋር ላኳት።

መጀመሪያ እኛ ካልደረስንበት፣ ከደኑ እምብርት ቆፈረች። ቅጠሉን ገለጥ ስታደርገው ከሥሩ ነጭ ድር የመሰለ ክር አየሁ፤ ቅጠሉን ከአፈሩ፣ አፈሩን ከዛፉ ሥር ሰፍቶታል። አፈሩ ጥቁር ነው፤ የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል። ክሩ ሕይወት እንዳለው፣ እኛ የጅብ ጥላ የምንለው እንጉዳይም የእሱ ፍሬ እንደ ሆነ ነገረችኝ። ከእሱ ጋር በዓይን የማይታዩ እልፍ ነፍሳት አሉ አለች። ቅጠሉን አላምጠው ዛፉን ይመግባሉ። ዛፉ ከአየር የሚስበውን ካርቦን፣ ያንኑ ከጭስ የሚወጣውን፣ መሬት ውስጥ የሚያኖሩትም እነሱ ናቸው።

ከዚያ እኛ ከበተንበት ቆፈረች። ያለፉት ዓመታት ቅጠል ሳይበሰብስ እንደ ብራና ተደራርቧል። ክር የለም፤ ያ ሽታም የለም። ያን ጊዜ ነው በዚህ በኩል የጅብ ጥላ ካየሁ መክረሜ ትዝ ያለኝ።

"እዚህ ምን ጨመራችሁበት፣ እማማ?"

ነገርኋት። መቆፈሪያዋን አስቀመጠች። ዛፉና እነዚያ ፍጥረታት ሲሰጣጡ የኖሩ ናቸው አለች፤ እሱ ከሥሩ ያበላቸዋል፣ እነሱም ያበሉታል። ዩሪያው በላያቸው ሲፈስስ ዛፉ እነሱን ማብላት ተወ፤ ውላቸው ፈረሰ። እርጥብ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እኔ ለፍርድ ስከራከር፣ ከእግሬ ሥር ከእኔ በፊት የኖረ ፍርድ አፍርሻለሁ።

ልማድ ሆኖብኝ ተቀምጬም ተከራከርኋት። ቅጠሉ ካልበሰበሰ ካርቦኑ እዚያው ተቀምጦ የለ ወይ አልሁ። ሳቀች፤ መምህሮቿም የሚሟገቱበት ነገር መሆኑን አልደበቀችኝም። "ግን እማማ፣ ደጃፍ ላይ የተቆለለ እህል ጎተራ ገባ ይባላል?" አለችኝ። ደጃፍ ያለውን ጎርፍም እሳትም ይወስደዋል። አፈሩ መቼ ይድናል ብዬ ስጠይቃትም አላውቅም አለችኝ፤ ከሁሉ ይህ አስደነገጠኝ።

ቀጣዩ እሑድ ሰዉ ጣሳውን ይዞ የሚመጣበት ቀን ነበር። ዝም ብል ክብሬ አይነካም፤ ደኑ ግን ሌላ ክረምት ይጎዳል፣ ያቺ ጎረቤቴም ከስንዴዋ አፍ ነጥቃ ትሰጣለች።

ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቼ ያየሁትን ሁሉ ተናገርሁ። ጣሳችሁን ወደየቤታችሁ መልሱ፣ ያሳሳትኋችሁ እኔ ነኝ አልሁ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩኝና፣ "እመይቴ፣ እንግዲህ አፈሩ?" አሉ። ጠብቆ ቢሰማ የእኔን ማፈር፣ ላልቶ ቢሰማ መሬቱን ነው፤ እሳቸው በመካከል ተዉት። ቅኔ የገባው ሁሉ ሳቀ።

"አፈርሁ፣ የኔታ" አልሁ። ወደ ጎረቤቴ ዞሬም፣ "ስስታም ብዬሽ ነበር። በድያለሁ። ልክ የነበርሽ አንቺ ነሽ" አልኋት።

ከነጠላዋ ሥር ጣሳዋን አወጣች።

"እኔ እኮ ለዛፉ አዝኜ አልነበረም" አለች። "ልጆቼ እንዳይራቡ ነው።"

ጣሳዋን አቅፋ በደጀ ሰላሙ ወጣች፤ ሰዉም የየራሱን እያነሣ ተከተላት። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም እየሮጥሁ ደርሼ ይቅር በይኝ አላልኋትም፤ አንድ ጊዜ በግድ አሰጥቻታለሁ፣ ይበቃል።