ልጄ ሲወድቅ የሸተተኝ አፈር

ልጄ ለኮሌጁ ቡድን ተከላካይ ሆኖ ሲጫወት ከአጥቂው ጋር ራስ ለራስ ተጋጭቶ ወደቀ፤ ቶሎም አልተነሣም። ያኔ ነው የፈራሁት። ጓደኞቹ ውሃ ሲያፈሱበት የረጠበው አፈር ሸተተኝ።

ለሌላው ሰው ጥሩ ሽታ ነው። እኔን ግን ልጅ ሆኜ፣ ወንድሜ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወት ቁጭ ብዬ ያየሁበትን ቀን ያስታውሰኛል። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ደመና የሚባል የለም። የባቡር ዘበኛ የነበሩት አባባ ዩሱፍ ከዳር ተጣሩ።

«ልጆች፣ ውጡ። እርጥብ አፈር ይሸታል። ደጋው ላይ ዘንቧል፤ ጎርፍ እየመጣ ነው።»

«አቦ አባባ፣ አንድ ኮርና ብቻ» አለ ወንድሜ።

«ጎርፉ ኮርናህን አይጠብቅም። ይልቅ እህትህን ተሸከማት።»

አንጠልጥሎኝ ዳር ስንወጣ፣ ጎል ያደረጓቸውን ድንጋዮች ቀዩ ውሃ ዋጣቸው። ልጄም እንደ አጎቱ ነው፤ ኳስ ካየ ሌላ አያይም።

ለካ ሳላውቀው ሜዳው መሐል ገብቻለሁ። ልጄ እየተንገዳገደ ተነሣ።

«አቦ እማ፣ ውጪልኝ፤ ይስቁብኛል» አለና ክንዴን ይዞ ከነጩ መስመር አሳለፈኝ።

እሱ ተመልሶ ገባ። እኔ ከሜዳው ወጥቻለሁ፤ ደኅና ነኝ።