የአባቴ ጠላቂ ወፍ

አባቴ ስትሮክ ከመታው በኋላ የቀረው ጨዋታ አንድ ነበር። ባቱ ካለው ቤታችን ጀርባ ደንገል የከበበው ኩሬ አለ። ጠዋት ጠዋት ወንበሩን አወጣለትና ትንሿን ቡናማ ጠላቂ ወፍ ይጠብቃል። ከእርግብ ብዙም አትበልጥም። ድንገት ትጠልቅና ውሃው ዝም ይላል። አባቴ በደህናው እጁ የምትወጣበትን ቦታ ይጠቁማል። እሱ በጠቆመበት ብቅ ካለች፣ በዚያ በተጣመመ አፉ እየሳቀ ወደ እኔ ይዞራል።

በበጋው ወፏ ደንገሉ መሀል ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ጎጆ ሠርታ እንቁላል ታቀፈች።

ከኩሬው ማዶ መሬት ተከራይቶ ሽንኩርት የሚያለማ ጎረቤት ነበረን። አንድ ቀን የውሃ ሞተር አምጥቶ ቱቦውን ኩሬው ውስጥ ከተተ። ሮጬ ሄድኩ።

«የመስኖው ቦይ ሩቅ አይደለም፤ ከዚያ ሳብ። አባቴ ሌላ የሚያየው ነገር የለውም።»

«ለወፍ ብዬ ሽንኩርቴን ላድርቅ?» ብሎ ከሠራተኞቹ ጋር ሳቀ።

ኩሬው ጭቃ ሆነ። ውሾች ገብተው እንቁላሎቹን በሉ፤ ወፏም ጠፋች። አባቴ ለጥቂት ቀናት ጭቃውን እየጠቆመ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር። ከዚያ ወንበሩን ሳወጣለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመረ። ሽንኩርቱ ሳይደርስ አባቴ ሞተ። ጎረቤታችን ለቅሶ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሲዘግን አየሁት።

ሽንኩርቱ ሲደርስ አይሱዙ ይዞ መጣ። ወደ ማሳው መኪና የሚያስገባው መንገድ በእኛ ግቢ የሚያልፈው ብቻ ነው። አባቴ ማንንም ከልክሎ አያውቅም። እኔ በሩን በሰንሰለት ቆለፍኩት።

በነጋታው ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ።

«ልጄ፣ አባትሽ እንዲህ አላስተማረሽም» አሉኝ አንደኛው።

«አውቃለሁ አባባ። እሱ ቢኖር ይከፍትልዎት ነበር። አሁን ግን ያለሁት እኔ ነኝ።»

ጎረቤቴ ከኋላቸው ሆኖ «ለአንዲት ወፍ ብለሽ?» አለ።

«ለወፍ ብቻ ከመሰለህ ይምሰልህ» አልኩት።

በአህያ ለማውጣት ሞከረ። ግማሹ እንኳ ሳይወጣ ዝናቡ ጣለ። ማሳው ዳር የተከመረው ሽንኩርት በሰበሰ፤ ሽታው መኝታ ቤቴ ድረስ ይመጣ ነበር። የሰፈሩ ሰው መስኮቱን ዘጋ። እኔ ከፍቼ ተኛሁ።

መስከረም ላይ መሬቱን ለቆ ሄደ። ጨከንሽ የሚሉኝ አሉ። አንዳንዴ ገበያ ስንገናኝ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። እኔ ቀና ብዬ አየዋለሁ፣ ከዓይኔ እስኪሰወር።