እህቴ ናት ያልኳት ተሳፋሪ

እኔ አፌ ላይ ነገር አያድርም። ሾፌር ነኝ፣ ያውም የድሬዳዋ ልጅ፤ እዚህ ጅቡቲ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ያሳፈርኩት ሰው ከተማ ሳይገባ የእኔን ኑሮ ከራሱ ኑሮ በላይ አውቆት ይወርዳል። ይህን ግን ሰምቶ የወረደ የለም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ከጓደኞቼ ጋር ሞቅ ሲለኝም አላመለጠኝም። እናንተ ስለማታውቁኝ፣ ብታውቁኝም ደጄ ድረስ ስለማትመጡ፣ ለእናንተ እናገረዋለሁ። ስጨርስ የፈለጋችሁትን በሉኝ፤ እስክጨርስ ግን አታጽናኑኝ።

ወይንሸት ትባላለች። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ እዚህ ጅቡቲ ፈረንጆች ቤት አዳሪ ሆና ትሠራ ነበር። ዕረፍቷ አርብ ነው። በዚያ አርብ ሃያብለ ሰፈር ያለች ጓደኛዋ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ስትነሳ በስልኳ ታክሲ ጠራች፣ አፑም እኔን ላከላት። እኔን ላከ ማለት እንኳ ውሸት ነው። አፑ ላይ የተመዘገበው ሾፌር ሌላ ሰው ነው። መኪናው ሐጂ የምንላቸው የአገሩ ሰው ንብረት ነው፣ የተመዘገበው የወንድማቸው ልጅ ነው፣ የሚነዳው ደግሞ እኔ ነኝ። አደጋ እስኪመጣ ድረስ ይህ ማንንም አያስጨንቅም ነበር።

ከፊት ተቀመጠች፤ ከኋላ ያፍነኛል አለች። ለአራሷ የያዘችውን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት ታያለች። ሰዓቱ ጫት የሚገባበት ስለነበር ከተማው ሁሉ ይሮጣል፣ እኔም እሮጣለሁ። ፔካ 12 የሚባለው ሰፈር ልንደርስ ስንል ስልኬ ላይ ሌላ ጥሪ መጣ። እንዳያመልጠኝ ብዬ ወደ ስልኩ አየሁ። ቀና ስል መንገድ ዳር የቆመ ከባድ መኪና ፊቴ ላይ ነው። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ። እኔ ያለሁበት ጎን ተረፈ፤ እሷ ያለችበት ገባ።

አሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። እኔ አንድ ቦታ እንኳ አልተጫርኩም። እሷ አንዴ ጮኸች፤ ከዚያ ድምጿ ወረደና «እግሬ» አለች። እኔ ምን አደረግኩ? በሯን ከፈትኩ? ውሃ ሰጠኋት? ስልኬን ነው ያነሳሁት። «ጉዞ ጀምር» የሚለውን መጫን ረስቼ ነበር፤ መርሳቴ በጀኝ። ጉዞውን ሰረዝኩት። አፑ ለምን ሰረዝክ ብሎ ይጠይቃል፣ ምክንያቶችም ደርድሮ ያስመርጣል። እኔ የመረጥኩት «ተሳፋሪው አልመጣም» የሚለውን ነው። አጠገቤ ቁጭ ብላ እግሯ ከብረት ሥር ተይዞ፣ አልመጣችም አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እሷ የዞርኩት።

«እህቴ፣ ስሚኝ» አልኳት። «ፖሊስ ሲመጣ እህቱ ነኝ በይ። የአንድ እናት ልጆች ነን በይ። ተሳፋሪ ነኝ ካልሽ እኔን ያስሩኛል፣ አንቺንም ጠርዘው ወደ አገር ይመልሱሻል።»

እኔን እንደሚያስሩኝ ገምቻለሁ። እሷን እንደሚጠርዟት ግን ከየት አመጣሁት? የመኖሪያ ፈቃዷ የተስተካከለ ነበር፤ አልጠየቅኳትም እንጂ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ፍርሃት ቶሎ እንደሚሠራ ስለማውቅ ነው። የአገሬን ልጅ፣ ያውም የተሰበረች ልጅ፣ በፍርሃት ያዝኳት።

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አያትና «ክሊያንት?» አለኝ በፈረንሳይኛ። ደንበኛህ ናት ወይ ማለቱ ነው። እኔም በሱማሌኛ «ማያ፣ ዋ ዋላሸይ» አልኩት፤ አይደለችም፣ እህቴ ናት። ወደ እሷ ዞሮ እህቱ ነሽ ወይ አላት። ቋንቋው ባይገባትም ምን እየጠየቃት እንደሆነ ገብቷታል። ጥርሷን ነክሳ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። በዚያች ንቅናቄ ተሳፋሪነቷ ቀረ፣ እህቴም ሆነች።

ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አሠሪዋ ሌላ ሠራተኛ አስገባች። ሐኪሙ አጥንቷን ገጠመላትና፣ ጉልበቱ እንዲታጠፍ ሌላ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፣ እሱም እዚህ አይሆንም፣ ወጪውም ከባድ ነው አለ። ይህን ሲናገር ያየው እኔን ነው፤ ወንድም ነኛ! ስትወጣ የት ትሂድ? ያቺ ጓደኛዋ ራሷ አራስ ናት። ሃያብለ የተከራየኋት አንድ ክፍል አለችኝ። አልጋውን ለእሷ ለቀቅኩ፣ እኔ ፍራሼን ግቢው ውስጥ ዘረጋሁ። የግቢው ሴቶች «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» እያሉ መረቁኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ። ሕሊናዬ እንኳ አልተቃወመኝም።

በነዚያ ቀናት ነው ሐጂ ስለ መኪናው ኢንሹራንስ ጋ ደርሰው ሲመለሱ ያገኙኝ። ደስ ብሏቸዋል።

«አላህ ይመስገን እህትህ ሆነች» አሉኝ። «ለሾፌር ቤተሰብ አይከፍሉም፤ ተሳፋሪ ብትሆን ኖሮ ኢንሹራንሱ ለሕክምናዋም፣ ሥራ ለፈታችበትም፣ ለእግሯም ካሳ ይከፍላት ነበር። ከዚያ ዞሮ ያልተመዘገበ ሾፌር አስነዳችሁ ብሎ እኔንና አንተን ይይዘን ነበር።»

«ወረቀት የሌላት ብትሆንስ?» አልኩ፤ ለምን እንደጠየቅኩ እንጃ።

«የተሰበረው እግሯ ነው እንጂ ፓስፖርቷ አይደለም!» ብለው ሳቁ። «ተሳፋሪ እስከሆነች ማንም ትሁን ማን፣ ጊዜው ሳያልፍ ከጠየቀች መብቷ ነው።»

ጊዜው ያኔ አላለፈም። ብዙ ይቀረው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ያደረግኩትን ሁሉ በድንጋጤ ነው ማለት እችላለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ግን በምን ላሳብበው? አውቄ ዝም አልኩ። ያን ቀን ሁለት እንጀራ በፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ቤት ገባሁ፤ እሷ አልጋው ላይ ተደግፋ «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታሳርርልኝ ነው?» አለችኝ። ሳቅኩ። ያቺን ሳቅ እስከ ዛሬ አልወዳትም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ እያደር ጣፈጠኝ። እሷ ወሎዬ እኔ ድሬ፤ አነጋገራችን አይገጥም። ስለዚህ «አንተ አክስትህ ጋ ድሬዳዋ ነው ያደግከው» አለችና የእኛን ታሪክ ራሷ ሠራችው። እናቷን አካፈለችኝ። «እናታችን ማን ትባላለች?» ትለኛለች ልብስ ሳጥብ፤ «ወይዘሮ አስካለ» እላለሁ። «ምን ትወዳለች?» «አሹቅ።» «ስትቆጣስ?» «ዝም ትላለች።» «ጎበዝ፣ አለፍክ!» ትላለች። እኔ «አቦ» ስል እሷ እያስመሰለች የግቢውን ሰው ታስቃለች። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አስበርጄ ይዤላት እመጣለሁ፤ ጉልበቷ ላይ ታደርገውና ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች። መራመድ ስትለማመድ ትከሻዬን ይዛ ከአልጋው እስከ በሩ እንሄዳለን። በሩ ጋ ስንደርስ ምነው ቤቱ ትንሽ ሰፋ ባለ እላለሁ በሆዴ።

ወደድኳት። ይኸው ተናገርኩት። እሷም የወደደችኝ ይመስለኛል፤ ወንድም ጋሼ የምትለው ቃል መጀመሪያ ቀልድ ነበር፣ በኋላ ግን ስትለው ፊቷን ታዞር ጀመር። አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ ወንድሟ አይደለሁም ማለት። ወንድሟ አይደለሁም ካልኩ ግን ምኗ ነኝ? ያሳፈርኳት ሾፌር ነኝ። ያሳፈርኳት ሾፌር ከሆንኩ ካሳዋ አለ፣ እኔ ላይም እስሩ አለ። ከእስሩ ይበልጥ ደግሞ ሌላ ነገር ፈራሁ፦ ካሳውን አግኝታ፣ ጉልበቷን አስታክማ፣ በሁለት እግሯ ከቤቴ ትወጣለች ብዬ። እንዲህ ያለ ፍቅር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው የሚወደውን እንዳይሄድበት አንካሳ አድርጎ ያስቀምጣል?

አንድ አርብ ከሰዓት ሽማግሌዎች መጡ። ጌታቸው የሚባል ከወደብ ወደ መሐል አገር ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሾፌር በር ላይ ተቀምጣ አይቷት ኖሯል። ጨዋ ሰው ነው፤ ምን እንደምጠላበት ፈልጌ አጣሁ። ነገር የያዙት አቶ ደጉ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ወይንሸት ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ላይ ነበረች፤ ሁሉን ትሰማለች።

«እናት አባት ሩቅ ናቸው» አሉኝ፤ «እዚህ ያለኸው አንተ ነህ። እህትህን ለልጃችን ብለን ደጅህ መጥተናል።» ቀጥለውም ፈገግ ብለው «የአንድ እናት ልጆች ናችሁ አይደል? መልካችሁ እንኳ አይቀራረብም» አሉ።

ወግ አለ። ለሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም። ቤተሰብ ላማክር፣ ሌላ ቀን ኑ ይባላል፤ ከዚያም በኋላ ይመላለሳሉ። ሴት ልጅ የምትከበረው በዚያ ደጅ ጥናት ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ። ሌላ ቀን ኑ ማለት ብቻ ነበር! ግን መልካችሁ አይቀራረብም ሲሉ ፖሊሱ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። እውነተኛ ወንድም ለመምሰል ቸኮልኩ።

«እሷ ካለች እኔ ደስ ይለኛል፤ ውሰዷት» አልኩ።

አዛውንቶቹ ተያዩ። አቶ ደጉ አንገታቸውን አቀረቀሩ፤ የመጡበት ነገር ተሳክቶላቸው ሳለ ያፈሩት እሳቸው ናቸው። እህቱን በአንድ ቃል የሚሰጥ ወንድም ሸክም የከበደው ሰው ነው። ወይንሸት ከመጋረጃው ጀርባ «አባቶቼ፣ አክብራችሁ መጣችሁ፤ እኔ ግን አገሬ ነው የምገባው» አለች በቀስታ።

በማግስቱ ጠዋት ፍራሼን ሳጥፍ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ያለ እኔ ትከሻ ነው የመጣችው።

«ሳሚ» አለችኝ። ወንድም ጋሼ አላለችም። «አንተ ወንድሜ ነህ?»

የጠየቀችኝ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። አልገባኝም ብል አሁን ይህን መናገሬም ውሸት ይሆናል። አንዲት «አይደለሁም» ብቻ ነበር የምትፈልገው። አይደለሁም ብል ፍቅሬም እውነቱም ካሳዋም አብረው ይወጡ ነበር፤ በአንድ በር ነው የዘጋኋቸው።

«ነኝ» አልኩ።

«እንግዲያው ወንድሜ፣ ባቡር ጣቢያ አድርሰኝ።»

በዚያው መኪና ወደ ናጋድ ወሰድኳት። በሩ ተሠርቶ ቀለሙ ትንሽ ተለይቷል። ከኋላ ተቀመጠች፤ እግሯ ስለማይታጠፍ ወንበሩ ላይ ዘርግታዋለች። ስትሰናበተኝ ክራንቿን ደረቷ ላይ አስደግፋ ጉንጬን ሳመችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ሾፌር ቢሆን መንገድ ላይ ጥሎኝ ይሄድ ነበር» አለችኝ። አመሰገነችኝ! ጥሏት የሚሄድ ሾፌር እኮ ይሻላት ነበር። ጥሏት ቢሄድ ፖሊሱን ተሳፋሪ ነኝ ትለው ነበር።

ትናፍቀኛለች። ሌላ የሚያምር ቃል የለኝም። አልጋዬ ላይ ተመልሼ መተኛት አልቻልኩም፤ አሁንም ግቢው ውስጥ ነኝ። በዓል ሲሆን እደውላለሁ። ኮምቦልቻ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ትሸጣለች፤ ደረጃ ስለማትወጣ ቤተ ክርስቲያን ከበሩ ነው የምትሳለመው። «ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» ትለኛለች፣ እንደ እህት። እኔ ስለ ሙቀቱ አወራላታለሁ። ስንጨርስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ እቆያለሁ፤ ድምጿ ከሄደ በኋላ ያለውን ዝምታ እንኳ እወደዋለሁ። ዝም አይነቅዝም የሚሉት አልደረሰባቸውም።

የመጠየቂያው ጊዜ አልፎ ይሆናል። ራሴን የማስተኛው አልፏል እያልኩ ነው። ግን አልጠየቅኩም። የሚያውቅ ሰው ፊት ስንቴ ቆሜ አልጠየቅኩም፤ አላለፈም ቢለኝስ? አላለፈም ካለኝ መሄድ አለብኝ፤ ጉዞውን ሰረዝኩት፣ አስፈራራኋት፣ እህቴ አይደለችም ማለት አለብኝ። የምፈራው እስሩን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያን ቀን ወይንሸት ማን እንደሆንኩ ትሰማለች፤ ያችን «ደህና ነህ?» የምትለኝን ድምጿንም አጣለሁ። ለዚች ድምፅ ብዬ ነው ጉልበቷን የያዝኩባት።

እና እግዜር ይፍታህ እንዳትሉኝ። የሚፈታው በደሉን ያቆመ ሰው ነው። ዛሬ ጠዋት ኢንሹራንሱ ቢሮ በር ላይ አንዲት ሴት አወረድኩ። በሩ ክፍት ነበር፣ ሰልፍም አልነበረም። ሞተሩን ሳላጠፋ ሄድኩ።