የአዛውንቱ ባትሪ

ማርሊስ በምትጠብቀው ግቢ፣ መኝታና ማዕድ ቤት ያላቸው ትልልቅ የሽርሽር መኪኖች የሚኒሶታን ክረምት በረዶ ተጭኗቸው ያሳልፋሉ። ባለቤቶቻቸው እስከ ሚያዝያ ዝር አይሉም። አንድ አዛውንት ብቻ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በታክሲ ይመጣሉ። ስማቸውን አታውቀውም፤ መኪናቸው የተመዘገበችው በሚስታቸው ስም ነው። በተተኮሰ ሱሪያቸው በረዶ ላይ ተንበርክከው ባትሪውን ይፈታሉ፣ ጫፎቹን በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋሉ፣ ከዚያ ቻርጅ ያደርጉታል። ዓይናቸው ስለደከመ የባትሪውን መለኪያ ቁጥር የምታነብላቸው እሷ ናት።

«መንጃ ፈቃድዎን መለሱልዎ?» ብላ አንድ ቀን ጠየቀቻቸው።

«በዚህ ዓይን? እነሱስ አላበዱም!» ብለው ሳቁ። «ባለቤቴ ግን ከተኛችበት ሆስፒታል ሆና፣ በወጣሁ ማግስት ወደ ደቡብ እንነዳለን ትላለች። እኔም እሺ እላታለሁ።»

ከጥር ጀምሮ አምስት ሳምንት ጠፉ። ሲመለሱ ጥቁር ክራቫት አስረው ነበር፤ ማርሊስም ስለ ሚስታቸው መጠየቅ አላስፈለጋትም። ባትሪው ባዶውን ከርሞ ውስጡ በረዶ ሆኗል፤ ጎኑ አብጧል። የመለኪያው ቁጥር ከዜሮ ብዙም ፈቅ አላለም።

«ስንት ይላል፣ ልጄ?»

ማርሊስ መለኪያውን ነቀለች። «ሙሉ ነው፣ አባባ።»

«ተመስገን። እንግዲያው ዛሬ ቻርጅ አያሻውም» አሉ። ጓንታቸውን ግን አውልቀው ነበር፤ ባዶ መዳፋቸው ያበጠውን ጎን ቀስ ብሎ ይዳብሳል። ታክሲው ደጋግሞ ጥሩምባ ቢነፋም፣ እጃቸውን አላነሱም።