የጋሽ ደበበ ሁለተኛ ወር

ሙሐሲን ዲላ ከተማ ጨርቅ ከሚነግድ ቤተሰብ የወጣ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ የሚያስተምረው የቡና እርሻ ነው። በ2008 ዓ.ም. አንድ ጥናቱን፣ ተመራማሪዎች ሥራቸውን እየለጠፉ በሚወያዩበት ድረ ገጽ ላይ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ኔትዎርክ በመጣ ቁጥር ስንት ሰው እንዳነበበው ሳያይ አይውልም።

«አርባ አንድ ደረሰ!» አላት እናቱን ሀዲጃን።

«አርባ አንድ ሰው አይቶ አንድም ካልገዛ፣ ዕቃው ነገር አለበት» አለችው፣ ጨርቅ እየለካች።

ገዢው መጣ። አንድ ኬንያዊ ተመራማሪ «የጋራ ጥናት እንሥራ» ብሎ ጻፈለት። በሳምንቱ ግን ያው ሰው፣ ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ ከጽሑፉ ሥር ጠየቀ፦ «ይርጋጨፌ ላይ ለቀማ የሚጀምረው በፌብሩዋሪ ነው ትላለህ፤ ያኔማ ለቀማው አልቋል። ለመሆኑ ቦታው ድረስ ሄደሃል? መልስህን ሳላይ በጋራ ጥናቱ አልቀጥልም።»

ሙሐሲን ደሙ ፈላ። የስድብ ያህል መልስ ጽፎ ሊልክ ሲል ኔትዎርኩ ሄደ። ደግ ሆነ። በማግስቱ በሚኒባስ ይርጋጨፌ፣ ከዚያ በሞተር ዱመርሶ ቀበሌ ገባ። የጥናቱን ቁጥር ከመዝገባቸው የሰጡት በቡና ማጠቢያ ጣቢያው እሸት ቡና እየመዘኑ የሚረከቡት ጋሽ ደበበ ናቸው።

«ጋሼ፣ መዝገብዎ ስህተት ሳይኖርበት አይቀርም።»

«የኔ መዝገብ? እስቲ ያንተን አምጣ።» ሠንጠረዡን በጣታቸው ወረዱበትና ሳቃቸው መጣ። «ይሄ ሁለት ምንድን ነው?»

«ሁለተኛ ወር። እርስዎ የጻፉት ነው።»

«እኔማ ጥቅምትን ነው የጻፍኩት፤ ከመስከረም ስትቆጥር ሁለት። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ለውጠህ ወሩን እኛ ጋ ጥለኸው ሄድክ? አይ የተማረ ሰው!»

ሙሐሲን ሠንጠረዡን እንደገና አየው። እሱም ቁጥሩን ባየ ቁጥር በልቡ ጥቅምት እያለ ስለሚያነበው አልታየውም።

«ገጾቹን ፎቶ ላንሳ?»

«አንሳ። ስሜን ግን እንዳትረሳ።»

ዲላ ተመልሶ ስድስት ፎቶ ለመጫን ግማሽ ቀን ፈጀበት። የኬንያዊውን ጥያቄ አላጠፋም፤ ከሥሩ «ሄጃለሁ። መዝገቡ የአቶ ደበበ ነው፣ ትክክል ነው። ወሩን ያልለወጥኩት እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፦ «መዝገቡ ከጽሑፉ ይበልጣል። እንቀጥል። ሰውየውን ማየት እፈልጋለሁ፤ መቼ ልምጣ?»

ሙሐሲን ወዲያው ዱመርሶ ደወለ።

«በሁለተኛው ወር ይምጣ» አሉ ጋሽ ደበበ። «በእኛው ሁለት በለው። አለዚያ ባዶ የቡና ማጠቢያ ገንዳ አይቶ ይመለሳል።»