ገና ነሽ የተባለች ልብስ ሰፊ

ትዕግሥትን የሚሰብክ ሰው ሳይ መጀመሪያ የማየው የተቀመጠበትን ወንበር ነው። እሱ ተመቻችቶ ከተቀመጠ አላምነውም።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። አጎቷ ሱቅ ሥራ የጀመረችው ልጇን አዝላ ነው፤ ዛሬ ልጅቷ በቁመት በልጣታለች። ቁልፍ ትተክላለች፣ ገበር ታስገባለች፣ እጅጌ ትገጥማለች። መቁረጥ ግን የለም። ጨርቅ መቁረጥ የማይችል ሰፊ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የሰው ተቀጣሪ ነው። እሷ የምትመኘው የራሷን ሱቅ ነበር።

«ጋሼ፣ መቁረጥ መቼ ነው የሚያሳዩኝ?» ስትለው፣

«ገና ነሽ፤ እጅሽ ይብሰል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላታል።

ይህን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። «የሚታቀፈው ሲያገኝ ነዋ! ዶሮ ያልተኛችበት እንቁላል ምን እንደሚሆን ጠፍቶሽ ነው? ይገማል!»

«አንቺ ደግሞ ምላስሽ! አጎቴ እኮ ናቸው።»

«እሱማ ነው። ለመሆኑ ሲቆርጥ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

አይታው አታውቅም። ጠዋት ስትገባ ጨርቁ ሁልጊዜ ተቆርጦና ተጣጥፎ ነው የሚጠብቃት።

ነገሩ ከነከናት። አንድ ቀን ማልዳ ሄደች። አጎቷ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ ሲመጣ ሱቁ በር ላይ ተገጣጠሙ። ፌስታሉን ተቀብላ ብትከፍተው፣ ተቆርጦ ያለቀ የኮት ጨርቅ! ለካ እሱም መቁረጥ አያውቅም፤ ሌላ ሰፈር ያለ ቆራጭ ነው የሚቆርጥለት።

«ታዲያ ምኑን ነበር የሚያሳዩኝ?»

መሬት መሬት እያየ፣ «እኔም እየጠበቅሁ ነው እኮ» አላት። «አስተምርሃለሁ ብሎኛል።»

ስታወራልኝ እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። አሮጌ ኮት ገዝታ ቤቷ ወለል ላይ ስፌቱን በምላጭ ፈታችው። እያንዳንዱን ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ዘርግታ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረች። በዚያ ልክ ቆርጣ የሰፋችው የመጀመሪያው ኮት ትከሻው ተንጋደደ።

«ጣይው! ዕድሜሽን ልትጨርሺ ነው እንዴ?» አልኳት።

«አዎ፣ ይሄ ጊዜ ይወስዳል» አለች፣ ስፌቱን መልሳ እየፈታች። «ደጅ መጥናት ግን አይደለም።»

ከስንት መፍታት በኋላ ትከሻው ልኩን ያዘ። ዛሬ የቤቷን የፊት ክፍል ሱቅ አድርጋዋለች። አጎቷም እየመጣ ሲማር ይውላል፤ እሷም ሳትደብቅ ታሳየዋለች። ደግ ናት። እኔ ግን ከሰውየው ላይ ዓይኔን አልነቅልም፤ ነገ «ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ማለቱ አይቀርም።