የእናቴ ማኅተም

አባቴ እንየው ሞቅ ሲለው የሚያወራት አንዲት ወሬ ነበረችው። እናቴን ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ገበያ በፈረስ አፈናጦ ያመጣበትን ቀን ነው የሚተርከው። ቅዳሜ ነበር፣ ፈረሱ ዳማ ነበር፣ እሷ ነጭ ሽንኩርት ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። "ያ ሁሉ ሰው ከኋላ ሲጮህ ማን ይደርስብኛል!" ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም እስቅ ነበር። ፈረሱ ከሞተ በኋላ እንኳ ኮርቻውን ከሥሩ ከሚነጠፈው በገለባ ከተሞላው ድብዳብ ጋር ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ስለነበር ወሬው ሲያልቅ በጣቱ ያሳያል። እናቴ ወሬው ፈረሱ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ትነሳለች። ወይ ዶሮ ታስገባለች፣ ወይ የተሰጣ ልብስ ትሰበስባለች። ዓይን አፋር ናት እል ነበር። ያን ያህል ሞኝ ነበርኩ።

እናቴ ወርቅአየሁ ለሰው የምትመች ሴት አልነበረችም። ሳቅ አታበዛም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ሐሜት ሲጀምር መጥረጊያዋን አንስታ ከእግራቸው ሥር መጥረግ ትጀምራለች። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ፊደል ቆጠረች። ፊደሎቿ ትልልቅ ነበሩ፤ ነፋስ እንደመታው ገብስ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማችን መጻፍ የሚችሉ ትልልቅ ሴቶች ከሦስት አይበልጡም ነበርና፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደሴ የሴቶች ማኅበር ኃላፊ አደረጋት። አንዲት ክብ ማኅተምም ሰጣት።

ለስሙ ያህል ነው የሰጣት። የማኅበሩ ሥራ ሰልፍ መውጣትና መፈክር ማሰማት ነበር፤ አልፎ አልፎ ሴቶች ለስልጠና ሲላኩ ብቻ መሸኛ ወረቀታቸው ላይ ማኅተሟን ትመታለች። እሷ ግን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራት ትዞር ነበር። ላምባ በነካ ጨርቅ ትወለውላታለች፣ በክብሪት እንጨት ጉድፍ ታወጣላታለች። "ጓድ ማኅተም ዛሬ ታጠቡ?" እያልኩ እቀልድባት ነበር። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ፈተናውን ወድቄ፣ ቤት የተቀመጥኩ የሃያ ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ፤ ከመቀለድ በቀር ሥራ አልነበረኝም።

በ1978 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እቴናት ቤታችን መጣች። ወላጆቿ ገጠር ናቸው፤ እሷ አጠገባችን ክፍል ተከራይታ ስምንተኛ ክፍል የምትማር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ደሴ ያን ቀን ጠዋት ጊዜያዊ ነዋሪዎችን እመዘግባለሁ ብሎ ጽሕፈት ቤቱ አስጠርቷት ነበር። በሩን ከውስጥ ቆልፎ ደፈራት። እኔ ይህን በአንድ መስመር ጻፍኩት፤ እሷ ግን ለመናገር ከሰዓት በኋላው ሁሉ አልበቃትም። በአማርኛ ጀመረችውና አልወጣ አላት። እናቴ በአገውኛ ጠየቀቻት።

አገውኛ እናቴ አፍ የፈታችበት ነው፤ አባቴ ግን ቤት ውስጥ እንዲነገር ስለማይወድ እኔ ከሰላምታ አልፌ አልሰማም። መጀመሪያ እቴናት ተናገረች። ከዚያ እናቴ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፣ ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር ነገረቻት። እቴናት ማልቀሷን አቆመች። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ኮርቻ አየች፣ ከዚያ እናቴን አየች። በኋላ ምን እንዳለቻት ብጠይቃት "እህል ቅመሺ ነው ያልኳት" አለችኝ።

በማግስቱ ደሴ ሽማግሌ ላከ። አገባታለሁ፣ እሑድ እንጨርስ አለ። የእቴናት አባት ነጋ በእግሩ ሲገሰግስ መጥቶ ደጃችን ላይ ተቀመጠ፤ ግባ ቢሉት እምቢ አለ።

"ምን ላድርግ ወይዘሮ ወርቅአየሁ? እምቢ ብል መሬቴን ያስወስድብኛል። ሽማግሌዎቹም ከእንግዲህ ማን ያገባልሃል እያሉኝ ነው።"

"እሑድ ገና ነው" አለችው እናቴ። "እስከዚያ እሺም እምቢም አይበሏቸው።"

እስቲ እናንተ መውጫውን ፈልጉልን። ፖሊሶቹ የተቀመጡት ከቀበሌው ጋር በአንድ ግቢ ነው። የክሊኒኩ ሰውዬ ከደሴ ጋር ካርታ ይጫወታል። አቤት የሚባለው ዳንግላ ነው። ወደ ዳንግላ ሲኬድ ኬላ አለ፣ ኬላው ያለ ይለፍ ወረቀት አያሳልፍም፣ ይለፉን የሚፈርመው ደሴ ነው። ደሴን ለመክሰስ ደሴን ማስፈቀድ! እቴናት ጥግ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። የቀበሌው ጠባቂዎች በደጃችን ባለፉ ቁጥር ጫማቸውን ሰምታ እግሯን ትሰበስባለች። እኛ በሩን ዘግተን ስንጠብቅ እሑድ እየቀረበ ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ እናቴ "ነገ ዳንግላ እንሄዳለን" አለች።

"በምን ይለፍ?"

የመቀነቷን ጫፍ ፈታች። ሳቄ መጣ። "እማ፣ እሱ እኮ ለስልጠና ነው!"

"ስልጠና ነዋ የምንሄደው። ያንቺ ጽሕፈት ያምራል፣ ጻፊ።"

ጻፍኩ። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎች ስልጠና፣ ሦስት ተሳታፊዎች። ማኅተሟን ትንፋሽ ሰጥታ መታችው። አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ ሲያየን ቆየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጫማ ሳይገዛ እኔን ያስተማረ ሰው ነው፣ እወደውም ነበር።

"ወርቅዬ፣ የምን ጣጣ ነው?" አላት። "አገባታለሁ ብሏል አይደል? እኔና አንቺስ እንዲያ አልነበር የጀመርነው? ይኸው ኖርን።"

እናቴ ማኅተሟን ጠርጋ ቋጠረች። "ኖርን" አለች።

ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርን። ኬላው ላይ ጠባቂው ወረቀቱን አገላበጠ። እቴናትን ትኩር ብሎ አይቶ "ይቺ ልጅ አይደለች? ምን ልትሠለጥን ነው?" አለ። "ለጎበዝ ልጅ ስልጠና አይከለከልም" አለች እናቴ፣ ሴቶቹ ላይ በስብሰባ በምትጮኽበት ድምፅ። አሳለፈን። ሊቀመንበሩ ራሱ ሰጥቶ የረሳው ማኅተም ነው ያሳለፈን።

ዳንግላ ስንደርስ ያለቀልን መስሎኝ ነበር። አንድ አረንጓዴ በር ያለው ቢሮ ገባን፤ ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ሰውዬ የሐኪም ማስረጃ አምጡ አለን። ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ ያለ ቢሮው ደብዳቤ አንመረምርም አሉን። ተመለስን። ሰውዬው ደብዳቤ የምንጽፈው ከቀበሌዋ መሸኛ ስታመጣ ነው አለ።

"የቀበሌው ሊቀመንበር ነው ያደረጋት" አለችው እናቴ።

"ገባኝ፣ እናቴ። መሸኛው ግን ከቀበሌ ነው የሚመጣው።"

በዚያ አቧራ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። እቴናት በሦስተኛው መንገድ ዳር ቁጭ አለችና "እትዬ፣ ይቅርብኝ፤ ይመልሱኝ። እሑድ ያግባኝና ይብቃኝ" አለች። እናቴ አልቆጣቻትም። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ተስፋ ስትቆርጥ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተው ምንም አይሠሩም ነበር።

ያኔ ነው ከሐኪሙ ግቢ አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ተከትላን የመጣችው። እህተማርያም ትባላለች፤ ቁስል አጣቢ ናት። ስንመላለስ በመስኮት ስታየን ውላለች። በጓሮ በር አስገባችን። እቴናትን ለብቻዋ፣ እናቴ እጇን ይዛት፣ ቀስ ብላ እያስፈቀደች አየቻት። ያየችውን ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፈች፤ ቁስሉን፣ ቀኑን፣ ልጅቷ የተናገረችውን። ሁሉንም ጽፋ ስትጨርስ አዘነች።

"ማኅተም የለኝም" አለች። "ማኅተሙ ሐኪሙ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቆለፍበት። ያለ ማኅተም ደግሞ አይቀበሏችሁም።"

"እኔ አለኝ" አለች እናቴ።

አረንጓዴው በር ዘንድ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሳ። የማን ማኅተም እንደሆነ አላነበበም። "ይኸው፣ ማኅተም ካለው ምን ችግር አለ!" አለና ፋይል ከፈተ፣ ቁጥር ሰጠን። ሰውዬውን ይዤ ልሳመው ወይስ በጥፊ ልበለው አላወቅኩም።

እቴናት አልተመለሰችም፤ እህተማርያም ቤት ቀረች። ነጋ የፋይሉን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ይዞ ሽማግሌዎቹን ጠበቃቸው። ሽማግሌዎቹ ዳንግላ ፋይል ተከፈተ ሲባል ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ተበተኑ። የእሑዱ ጋብቻ ቀረ። ከዚያ በላይ ግን አልሆነም። ፋይሉ እንደተኛ ቀረ፤ ደሴ ከዓመት በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ በዕድገት ነው አሉ። ዛሬም ድረስ ያናድደኛል።

እናቴ እንደሚመጡባት አውቃለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የተማሪ ቤት ደብተሬን ባዶ ገጾች አስገነጠለችኝ፤ ሃያ ሦስት ነበሩ። አባቴ ዕድር ሄዶ ነበር። ባዶዎቹን አንድ በአንድ ከግርጌያቸው መታቻቸው። ከዚያ ኮርቻውን አወረደች፣ የድብዳቡን ስፌት ተረተረች፣ ወረቀቶቹን ገለባው ውስጥ ከትታ መልሳ ሰፋችው። "እዚህ ማንም አይፈልግም" አለች። ሰኞ ጠባቂዎቹ ሲመጡ ማኅተሟን ወልውላ አስረከበቻቸው። አሥራ አንድ ቀን አሰሯት።

ከዚያ በኋላ ሴቶች ይመጡ ጀመር። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አንዷ ወንፊት ልትዋስ፣ አንዷ ጎመን ዘር ልትለምን መጥታ ትቀመጥና አትሄድም። እናቴ በሩን ትገፋለች፣ ስፌቱን ትፈታለች፣ "ጻፊ" ትለኛለች። ለስልጠና፣ ለሕክምና፣ ለዘመድ ልቅሶ። ሁሉም የሚሄዱት እህተማርያም ዘንድ ነው። አባቴ ከኮርቻው ሥር ተቀምጦ የፈረሱን ወሬ ያወራል፤ ወረቀቶቹ ከራሱ በላይ ናቸው። ደርግ ሲወድቅ ማኅተሙ ዋጋ አጣ። ሃያ ሁለት ሴቶች ነው የቆጠርኩት። አንድ ወረቀት ጎደለኝ። እናቴን ብጠይቃት "ስትቆጥሪ ተሳስተሽ ነው" አለችኝ።

በ1990 ዓ.ም. አረፈች። በሰልስቷ ድንኳኑ በሽማግሌ ተሞልቶ ነበር፤ አብዛኞቹ ለአባቴ ሲሉ ከግምጃ ቤት የመጡ እኩዮቹ ናቸው። እቴናትም ከዳንግላ መጥታ ሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። አባቴ አለቀሰ፣ ከልቡ ነው ያለቀሰው። ከዚያ ያቺን ወሬ ጀመረ። ፈረሱ ጋ ሲደርስ የሚነሳ ሰው አልነበረም። "አምሳል፣ እስቲ ኮርቻውን አምጪልኝ፣ ይዩት" አለኝ።

ገብቼ ሳወርደው የድብዳቡ ስፌት በአዲስ ክር የተሰፋ መሆኑን እጄ አወቀው። በጥርሴ በጠስኩት። ሃያ ሦስተኛው ወረቀት እዚያ ነበር፤ ከግርጌው ማኅተሟ፣ ከላይ እነዚያ ያዘነበሉ ፊደሎች፣ ቀኑ ጥር 18 ቀን 1978፣ ያ እሑድ። ከሁሉም ሴቶች አስቀድማ የራሷን ጽፋለች። የምታደርስበት ቢሮ ግን አላገኘችም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እነዚያን ሁሉ ሳቆች አስታወስኩ፤ የኔንም።

"አምሳል! ሰዎቹ እየጠበቁ ነው እኮ!"

ኮርቻውን እዚያው ትቼ ወጣሁ። አባቴ ባዶ እጄን አይቶ "የታለ?" አለኝ።

"አባ፣ ይህን ወሬ ዛሬ እሷ ትጨርሰው" አልኩት። እቴናት ከሴቶቹ መሐል ተነስታ አጠገቤ ቆመች። ወረቀቱን ዘረጋሁና አነበብኩላቸው።

"አመልካች ወርቅአየሁ ምህረቴ፣ ያኔ ዕድሜዬ አሥራ ሦስት። ተከሳሽ እንየው ታፈረ። ቅዳሜ ቀን ግምጃ ቤት ገበያ ነጭ ሽንኩርት ስሸጥ በግድ ፈረስ ላይ ጫነኝ። አላውቀውም ነበር። ምስክር ቢጠየቅ ብዙ አለኝ። ስጮህ ገበያው ሙሉ ሰምቶኛል።"